መርኩሪ ሬድስቶን፦ ሞተር ያልመጣለት የሞዴል ሮኬት ኪት እንዴት ይብረር?

ደንገል (የውይይቱ ጀማሪ)

ሰላም ለመድረኩ አባላት። ውጭ አገር የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ለጥምቀት ሲመጣ በ1 ለ 43 ስኬል የተዘጋጀ የመርኩሪ ሬድስቶን ሮኬት ኪት ይዞልኝ መጣ። ለማያውቀው፣ ሬድስቶን አሜሪካዊው አላን ሼፓርድ ሚያዝያ 27 ቀን 1953 ዓ.ም. ጠፈር ደርሶ በ15 ደቂቃ የተመለሰበት ሮኬት ነው። ዕለቱ እኛ የአርበኞችን ድል የምናከብርበት ቀን መሆኑን ያወቅሁት ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስቀይር ነው። እውነተኛው ሮኬት አናቱ ላይ ካለው ማማ ጋር 25.4 ሜትር ይረዝማል፤ የግንዱ ውፍረት 1.78 ሜትር ነው። ሞዴሉ ተገጣጥሞ ሲያልቅ 59 ሳንቲ ሜትር ቁመትና ከ4 ሳንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ውፍረት አለው።

ገጥሜ ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። የካርቶን ቱቦው፣ አራቱ ክንፎችና ቀለሙ ያን ያህል አላስቸገሩኝም። ያንገበገበኝ በካፕሱሉ (ሰው በሚቀመጥበት ክፍል) አናት ላይ የሚቆመው፣ አደጋ ሲመጣ ካፕሱሉን በራሱ ትንሽ ሮኬት ነጥቆ የሚያርቀው የማምለጫ ማማ ነው፤ ከክብሪት እንጨት የቀጠኑ የፕላስቲክ ዘንጎች ስለሆኑ አንደኛው ከሣጥኑ ተሰብሮ ወጣ፣ ሁለተኛውን ደግሞ እኔው ራሴ ሙጫ ስቀባ ሰበርሁት።

ዋናው ችግር ግን ሞተሩ ነው። ኪቱ የሚፈልገው «ሲ6-3» የሚባለውን ሞተር ነው። ፊደሉ ሞተሩ በጠቅላላ የሚሰጠውን ጉልበት ያመለክታል፤ ሲ ማለት ከ5 እስከ 10 ኒውተን ሰከንድ ሲሆን፣ ፊደሉ ወደ ቀጣዩ ባለፈ ቁጥር ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል። 6ቱ አማካይ የመግፋት ኃይሉ በኒውተን ሲለካ ነው፤ 3ቱ ደግሞ ነዶ ካበቃ በኋላ ፓራሹቱን እስኪያስወጣ ድረስ የሚቆይባቸው ሰከንዶች ናቸው። ሞተሩ ጥቁር ባሩድ የታጨቀበት የካርቶን ቀለህ በመሆኑ በመንገደኛ ሻንጣ አይጫንም፤ ወንድሜም እዚያው ጥሎት መጣ። አንድ ወዳጄ የክብሪት ራስ እየፋቅን እኛው እንሥራው ብሎኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መምህር ዘጣና

ወንድሜ ደንገል፣ ስለ ክብሪቱ የተነሣውን ሐሳብ ዛሬውኑ ተወው። ፊዚክስ ሳስተምር ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ከተማሪዎቼ መካከል በእንዲህ ያለ ሙከራ ጣቱን ያጣ ልጅ ስለማውቅ ነው በጥብቅ የምናገረው። በፋብሪካ የሚሠራው ሞተር የሚታመነው ባሩዱ በማሽን እኩል ተጨምቆ ስለሚገባ፣ እሳቱም ከአንድ ጫፍ ተነሥቶ ንብርብሩን ተራ በተራ እየበላ ስለሚሄድ ነው። በእጅ በተጠቀጠቀ ባሩድ ውስጥ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ብትኖር እሳቱ በስንጥቁ ይገባና የሚነደው ገጽ በድንገት ይሰፋል፤ ያን ጊዜ በእጅህ ያለው ሮኬት መሆኑ ቀርቶ ቦምብ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ደግሞ በከተማችን የፍንዳታ ድምፅ ማሰማት ጎረቤትን ማስደንገጥና ራስንም ለጥያቄ ማቅረብ መሆኑን የምነግርህ አይመስለኝም።

እኔ የምመክርህ ሌላ ነገር ነው። ኪቱን መደርደሪያ ላይ አስቀምጠውና እንደ ንድፍ ተጠቀምበት፤ የሚበረውን ሮኬት በውኃና በተጨመቀ አየር ሥራው። የ1.5 ሊትር የላስቲክ ጠርሙስ ውፍረቱን ለካው፤ እኔ ዘንድ ያለው 89 ሚሊ ሜትር ነው። 1.78 ሜትር ለ89 ሚሊ ሜትር ሲካፈል ልክ 20 ይመጣል። ስለዚህ ስኬልህ 1 ለ 20፣ ቁመትህ 127 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ቁጥሩ ሆን ተብሎ የተመቻቸልህ እስኪመስል ድረስ ይገጥማል።

ጉልበቱን አትናቀው። ሲ6 ለሁለት ሰከንድ ላልሞላ ጊዜ በአማካይ 6 ኒውተን ይገፋል። በ4 ባር ግፊት የተነፋ ጠርሙስ ግን ውኃውን በሙሉ አፉ ሲተፋው በመጀመሪያዋ ቅጽበት ከ250 ኒውተን በላይ ይገፋል፤ ብቻ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ቆይቶ ያበቃል።

ደንገል

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። የክብሪቱን ነገር ትቼዋለሁ። ቤት ውስጥ የተከማቸ ሃይላንድ ሞልቷል፤ ነገውኑ እጀምራለሁ።

ጎሚስታው

ወንድም ደንገል፣ ከመጀመርህ በፊት አንድ ቃል ስማኝ። የመጠጥ ውኃ የሚመጣበትን ሃይላንድ እንዳትጠቀም። ውኃ ጋዝ ስለሌለው ላስቲኩ ስስ ነው፤ በእጅህ ስትጨብጠው እንኳ ይጨማደዳል። የሚያስፈልግህ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ነው፤ የለስላሳ ጋዝ ቀን ከሌት ስለሚገፋው ግድግዳው ጠንክሮ ይሠራል፣ መቀመጫውም እንደ አበባ አምስት እግር አለው። እሱን እያየህ መለየት ትችላለህ።

ኮምፕሬሰርም አያስፈልግም። ባሕር ዳር የብስክሌት አገር ናት፤ መለኪያ ያለው የእግር መንፊያ በየደጁ ይገኛል። እኔ ከአሮጌ ካላማዳሪ ቫልቩን ከነሥሩ ቆርጬ በላስቲክ ቡሽ ውስጥ አሳልፌ እሰጥሃለሁ። ቡሹ ብቻውን ግን ጠርሙሱ ሲፈልግ እንጂ አንተ ስትፈልግ አይለቅም፤ ስለዚህ የጠርሙሱን አንገት ዙሪያውን ነክሶ የሚይዝና ገመድ ሲሳብ የሚከፈት ማሰሪያ ያስፈልገዋል። የገመዱ ርዝመት ከ10 ሜትር እንዳያንስ።

የጎማ ሥራ ያስተማረኝ ትልቁ ነገር አየርን መፍራት ነው። ጠርሙሱን መጀመሪያ አፍ እስከ ገደፉ ውኃ ሙላውና 90 ፒኤስአይ ድረስ ንፋው። ውኃ እንደ አየር ስለማይጨመቅ ጠርሙሱ ቢሰነጠቅ እንኳ ውኃውን አፍስሶ ያርፋል እንጂ አይፈነዳም። ያን ከቻለ በ60 ፒኤስአይ (መምህር ባሉት 4 ባር ገደማ) ማብረር ትችላለህ። ሙቅ ሙጫ ጠርሙሱ ላይ እንዳይነካ፤ ሙቀቱ ላስቲኩን ያዳክመዋል። በአሸዋ ወረቀትም አትፈትገው።

ደንገል

ሁለት ሳምንት ጠፍቼ ነበር፤ ይቅርታ። የለስላሳው ጠርሙስ ከታች ሆኖ ከላዩ ያለውን ግንድ በማኒላ ወረቀት ጠቅልዬ በኮላ አጣብቄ ሠራሁት። ካፕሱሉን ከኪቱ ላይ በክር እየለካሁ፣ እያንዳንዱን ልክ በ2.15 እያባዛሁ ከካርቶን ቀረጽሁት። ክንፎቹንም እንደ እውነተኛው ትንንሽ አደረግኋቸው። ነጭና ጥቁር ቀለሙ ሲደርቅ፣ እውነት ለመናገር፣ ሌሊት ተነሥቼ ሳየው አድራለሁ።

መምህር በስልክ በነገሩኝ መሠረት ሁለት ነገር ፈተሽሁ። በመጀመሪያ ሮኬቱን ያለ ውኃ በገመድ አንጠልጥዬ ሚዛኑ የሚቆምበትን ቦታ ፈለግሁ፤ ከማማው ጫፍ 71 ሳንቲ ሜትር ላይ ሆነ። ቀጥዬ የሮኬቱን ጥላ በካርቶን ቆርጬ፣ ጠፍጣፋውን ካርቶን በቢላዋ ስለት ላይ አመዛዘንሁት፤ እሱ ደግሞ 66 ላይ ቆመ። ከዚያም ሮኬቱን በሚዛኑ ቦታ በ3 ሜትር ገመድ አስሬ በግቢው ውስጥ በራሴ ዙሪያ አሽከረከርሁት። ሁለት ዙር እንኳ በአፍንጫው አልሄደም፤ ዞሮ በቂጡ ቀደመ። እህቴ ከበረንዳው ሆና «ይኼማ ወደ ኋላ የሚሄድ ነው» አለችኝ። ምን አጠፋሁ?

መምህር ዘጣና

ምንም አላጠፋህም፤ ያጠፋው እውነተኛውን ሮኬት በታማኝነት መቅዳትህ ነው። ነገሩን ሰፋ አድርጌ ላስረዳ፤ ስኬል ሞዴል የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚሰናከልበት ቦታ ይኼ ነውና።

በረራ ላይ ያለ ነገር የሚዞረው በስበት ማዕከሉ (አንተ በገመድ አንጠልጥለህ ባገኘኸው ሚዛን) ዙሪያ ነው። ነፋሱ ደግሞ በመላ አካሉ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ተጠቃሎ የሚያርፍበት ሌላ ነጥብ አለ፤ የአየር ግፊት ማዕከል እንበለው። ይህ ሁለተኛው ነጥብ ከስበት ማዕከሉ በስተኋላ ከሆነ፣ ሮኬቱ ባዘነበለ ቁጥር ነፋሱ ጅራቱን እየገፋ ያቃናዋል፤ በዶሮ ቅርጽ እየተሠራ ቤት ጣሪያ ላይ እንደሚቆመው የነፋስ አመልካች ማለት ነው። በስተፊት ከሆነ ግን ነፋሱ ያዘነበለውን ጨርሶ ይገለብጠዋል። ያንተ በ5 ሳንቲ ሜትር ተገላቢጦሽ ሆኗል። የካርቶኑ ዘዴ ነጥቡን ከእውነቱ ይልቅ ወደ ፊት አስጠግቶ ስለሚያሳይ ከስሕተት ይጠብቅሃል እንጂ አያሳስትህም።

ታዲያ እውነተኛው ሬድስቶን በትንንሽ ክንፎች እንዴት በረረ ብትል፣ መሪ ስለነበረው ነው። ከሞተሩ አፍ በሚወጣው ነበልባል ውስጥ ከግራፋይት የተሠሩ አራት መቅዘፊያዎች ተተክለው፣ በሮኬቱ ውስጥ ያለው መሣሪያ ባዘዛቸው ቁጥር እየዞሩ እሳቱን አቅጣጫ ያስቀይሩ ነበር። ዘዴው ከጀርመኑ ቪ-2 ሮኬት የወረሰው ነው። የኛ ሞዴል ቅርጹን ወርሶ መሪውን አልወረሰም። ታንኳን ከነመልኳ ሠርተህ ቀዛፊ ሳታስቀምጥባት ወደ ሐይቁ እንደ መግፋት ቁጠረው።

መፍትሔው ሁለት ነው፤ ሁለቱንም አድርግ። ካፕሱሉ ውስጥ ክብደት ጨምር፤ ሸክላ አፈር ይበቃል። ሁለተኛው የኪት ሠሪዎችም የሚጠቀሙበት ብልሃት ነው፤ ጥርት ካለ ላስቲክ ሰፋ ያሉ ክንፎች ቁረጥና ከትንንሾቹ ክንፎች ጋር አያይዛቸው። ከአሥር እርምጃ በኋላ ዓይን አያያቸውም፤ ነፋስ ግን ያያቸዋል። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ቢያንስ የግንዱን አንድ ውፍረት ያህል፣ ማለትም 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ እንዲኖር አድርግ።

ውኃው ሲሞላ ክብደቱ ወደ ኋላ መሄዱ አያሳስብህ። በ1.5 ሜትር ቶንዲኖ ላይ ተንሸራቶ እንዲወጣ ካደረግኸው፣ ሮኬቱ ከብረቱ ሲለይ አብዛኛው ውኃ ወጥቶ አልቋል።

ሐይቅ ዳር

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ በውኃ የሚበር፣ የላስቲክ ክንፍ የተቀጠለበት፣ አፈር የታጨቀበት ነገር ስኬል ሞዴል ሊባል ይችላል ወይ? ሞዴል ማለት እንደ እውነተኛው መሆን አለበት ባይ ነኝ።

ደንገል

ወንድሜ ሐይቅ ዳር፣ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ላስቲኩን ስቀጥል እጄ እየሳሳ ነው የቀጠልሁት። ነገር ግን መደርደሪያ ላይ ያለው ትንሹ እንደ እውነተኛው ሆኖ አይበርም፤ ትልቁ ደግሞ እንዲበር ትንሽ ዋሽቷል። ክንፎቹ ሲፈለግ የሚወልቁ ናቸው፤ እንግዳ ሲመጣ አወልቃቸዋለሁ።

በመምህር ምክር መሠረት ካፕሱሉ ውስጥ 80 ግራም ሸክላ ጨምሬ ጠቅላላ ክብደቱ 390 ግራም ሆኗል። ሚዛኑ ከ71 ወደ 62 ተኩል መጣ፤ የካርቶኑ ነጥብ ከአዲሶቹ ክንፎች ጋር 72 ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት በገመድ ሳሽከረክረው እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ቀጥ ብሎ በአፍንጫው ዞረ። አሁን የቀረኝ የማምለጫው ማማ ነው። በብረት ሽቦ ብሠራው ሲወድቅ ሰው ይወጋል ብዬ ፈራሁ፤ የቀርከሃ ስንጥርም ይወፍራል።

የመሶብ ልጅ

ልጄ፣ እኔ ስለ ሮኬት የማውቀው የለኝም፤ ይህን የሚያነብልኝ የልጅ ልጄ ነው። ነገር ግን ስሙን ሳልሰማው ሥራህን አውቀዋለሁ፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ ቀላልና የማይሰበር ዘንግ አይደል የምትፈልገው? ስንደዶ ምን ሆኖ ነው?

ስንደዶውን ስትመርጥ ከሥሩ ያለውን ወፍራሙን ጎን ያዝ፤ አንጓ ያለበትን ተወው፣ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ለጥቂት ጊዜ ውኃ ውስጥ ንከረውና ለስለስ ሲል በሁለት ጣውላ መካከል ደግፈህ አድርቀው፤ ቀጥ ይልልሃል። መገናኛውን በሙጫ ብቻ አትመነው። ቀጭን ክር በሰያፍ ሦስት ጊዜ፣ በተቃራኒው ሦስት ጊዜ አዙርበትና ከዚያ ሙጫ አስነካው። ቀይ ከፈለግህ ቀለም አትቀባው፤ ቅብ ይከብዳል። እኛ ለመሶብ እንደምናደርገው በቀለም ውኃ ቀቅለው፣ ቀለሙ ከውስጥ ይገባል።

ደንገል

እማማ፣ እጅዎ አይጉደል። ዐሥራ ሁለት ስንደዶ፣ ከአንድ ስንዝር በላይ የሚረዝም ማማ ወጥቶኛል፤ ክብደቱ ሁሉ ተደምሮ 6 ግራም ነው። መምህር ሮኬቱ ሲነሣ እያንዳንዱ ዕቃ ከራሱ ክብደት ሠላሳ እጥፍ ያህል ይጫነዋል ስላሉኝ፣ 200 ግራም ስኳር በፌስታል አድርጌ ጫፉ ላይ አንጠልጥዬ ፈተንሁት። ንቅንቅ አላለም።

ታንኳ ቀዛፊ

ስለ ነፋሱ ልናገር፤ እኔ ከሐይቁ አልርቅም። ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ምድሩ ከውኃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከጣና ወደ ከተማው ይነፍሳል፤ ሌሊት ደግሞ ይገለበጣል። በመካከሉ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ገደማ ውኃው እንደ መስታወት የሚተኛበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ አብርሩ። ነፋስ ካለ ግን ሮኬታችሁ መምህር እንዳሉት አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ስለሚያዞር ሽቅብ ሲወጣ ወደ ሐይቁ ያዘነብላል፤ ፓራሹቱ ሲከፈት ደግሞ ወደ የብስ ይመለሳል። ፓራሹቱ ካልተከፈተስ? ከእንቦጩ ውስጥ ነው የምትለቅሙት። እንቦጭ ላይ ሰው አይራመድም፤ ታንኳም በጭንቅ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ከዳሩ ቢያንስ 150 ሜትር ራቁ።

ደንገል

ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የግጦሽ ሜዳ ተሰባሰብን። ከአውሮፕላን ማረፊያው ራቅ ያለ ቦታ መርጠን፣ ለቀበሌውም ቀደም ብለን አሳውቀን ነበር። ግማሽ ሊትር ውኃ ሞልተን፣ ቶንዲኖው ላይ አስገብተን ጎሚስታው መንፋት ጀመረ። 20፣ 30፣ 40 ፒኤስአይ። 45 ሲደርስ ከቡሹ ጎን ፊሽ የሚል ድምፅ ተሰማና ሮኬቱ የጣት ርዝመት ያህል ብድግ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። በድንጋጤው ካፕሱሉ ከነማማው ወለቀና ወደ ጎን ወደቀ፤ ተከትሎት ከፌስታል የሠራሁት ፓራሹት ከግንዱ ውስጥ ተንሸራቶ ወጣና በቆመው ሮኬት አንገት ላይ እንደ ነጠላ ተንጠለጠለ። ውኃው በእግራችን ሥር ፈሰሰ። የከብት ጠባቂዎቹ ልጆች እስኪወድቁ ሳቁ። እኔ ግን አፍሬ ቀኑን ሙሉ ስልክ አላነሣሁም።

መምህር ዘጣና

አንተ ብታፍርም እኔ እየሳቅሁ ነው የምጽፈው፤ በንቀት እንዳይመስልህ። ሳታስበው የሬድስቶንን ታሪክ ከማንኛውም ስኬል በተሻለ ትክክለኛነት ደግመኸዋል።

ኅዳር 12 ቀን 1953 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ኬፕ ካናቬራል ላይ የመጀመሪያው መርኩሪ ሬድስቶን፣ ሰው ሳይጫንበት፣ ሞተሩ ተቀጣጠለ። ሮኬቱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ብድግ አለና ሞተሩ ጠፋ፤ ተመልሶም በመቆሚያው ላይ ተቀመጠ። ወዲያው የማምለጫው ማማ ካፕሱሉን ጥሎ ብቻውን ተተኮሰና ርቆ ሄዶ ወደቀ። ከሰከንዶች በኋላ የካፕሱሉ ፓራሹቶች ተራ በተራ ወጥተው በቆመው ሮኬት ጎን ተንጠለጠሉ። ነዳጅ እንደሞላ የቆመውን ሮኬት ማንም ደፍሮ ሊጠጋው ስላልቻለ፣ ባትሪው እስኪያልቅና ፈሳሽ ኦክስጅኑ እስኪተን ሲጠብቁ አደሩ።

ምክንያቱ ሲጣራ ከጅራቱ የሚነቀሉት ሁለት የኤሌክትሪክ መሰኪያዎች ተራቸውን ስተው ተገኙ። ኋላ መነቀል የነበረበት የመሬት መስመር የሰከንድ ሽራፊ ታህል ቀድሞ ስለተነቀለ፣ መንገድ ያጣው ኤሌክትሪክ ሞተር በሚያጠፋው ማብሪያ በኩል አለፈ። የቀረው መሣሪያ ግን በረራው በሰላም የተፈጸመ መስሎት ሥርዓቱን ጠብቆ ሥራውን ቀጠለ። ስድስት ወር ሳይሞላ ሼፓርድ በዚያው ዓይነት ሮኬት በረረ።

ስለዚህ ካፕሱሉን ጠበቅ አድርገው፤ ቡሹን ደግሞ ጎሚስታው ይየው።

ጎሚስታው

አይቼዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማሰሪያው በአንድ በኩል ላልቶ ቡሹ አዘንብሏል። ሁለተኛ ቀለበት ጨምሬበታለሁ። ቤት ውስጥ በውኃ ብቻ ሦስት ጊዜ 90 አድርሼ ጠብታ አልወጣውም።

ደንገል

ዛሬ በረረ።

12 ሰዓት ከ50 ላይ፣ ጣና እንደ ተባለው ተኝቶ፣ 60 ፒኤስአይ ሞልተን ገመዱን የልጅ ልጃቸውን ይዘው የመጡት እማማ ሳቡት። ድምፁ እንደ ጠበቅሁት አልነበረም፤ ጆንያ በአንድ ጊዜ ሲቀደድ እንደሚሰማው ያለ ነው። ነጭ የውኃ አምድ ከሥሩ ቀርቶ፣ ሮኬቱን ቀና ብዬ ስፈልገው ከላይ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር። የላስቲክ ክንፎቹን ማንም አላያቸውም፤ የታየው ሬድስቶን ብቻ ነው። 50 ሜትር ርቆ ሲጠብቅ የነበረው ወንድም ሐይቅ ዳር በማዕዘን መለኪያና በክር የለካው 27 ዲግሪ ስለሆነ ከፍታው 25 ሜትር ገደማ መጣ። ካፕሱሉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ወልቆ ፓራሹቱ ተከፈተ።

አወራረዱ ግን ከገመትሁት ፈጠነ። አንደኛው ክንፍ ተቀነጠሰ፤ ማማው አንድ ክር እንኳ አልላላም።

መምህር ዘጣና

እንኳን ደስ ያለህ። የፍጥነቱ ነገር ይጠበቃል፤ የፓራሹቱን ልክ ከኪቱ መመሪያ ነው የወሰድኸው አይደል? እኛ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፤ አየሩ ከባሕር ወለሉ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሳሳ ነው። በዚያው ፓራሹት ላይ ወደ አንድ አሥረኛ ያህል ፍጥነት ይጨምራል። ስፋቱን በአንድ አምስተኛ አሳድገው።

የመሶብ ልጅ

ክንፉንም በስንደዶ ጠርዙን ስፋው፤ አይቀነጠስም። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀዩን ነክሬልሃለሁ፤ መጥተህ ውሰድ።

ሐይቅ ዳር

መለኪያውን እኔ እይዛለሁ። ደግሞም፣ ሞዴል አይባልም ያልሁትን አንስቻለሁ፤ ከ50 ሜትር ሲታይ ይባላል።